የወረዳ ጽሕፈት ቤት በየትኛው መሣሪያ ይሥራ? ቴሌግራም፣ ጎግል፣ ማይክሮሶፍት፣ ኔክስትክላውድ እና የቢሮ ውስጥ መረብ ሲነጻጸሩ

«ደብዳቤዬ የት ደረሰልኝ?» በወረዳ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማ ያውቀዋል። መልሱም የተለመደ ነው፦ «ኃላፊው ጋ ገብቷል»፣ «ለባለሙያው ተመርቷል»፣ «ባለሙያው መስክ ወጥቷል፣ ሰኞ ይምጡ»። ባለጉዳዩ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ገበሬ ከሆነ «ሰኞ ይምጡ» ማለት ሌላ የሥራ ቀን ማቃጠል ነው።

በ2012 የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ፣ ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ የተዘረጋው ወረዳዎችን የሚያገናኘው የመንግሥት መረብ ወረዳኔት፣ በ2017 ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ ሁሉም ይህን ጣጣ ለማቃለል የታሰቡ ናቸው። ሆኖም ከመስኮቱ ጀርባ ያለው የቢሮ ሥራ፣ ደብዳቤ መምራት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት ማጠቃለል፣ በብዙ ቦታ ዛሬም በወረቀት፣ በፍላሽና በቴሌግራም ነው የሚሄደው። ይህ መመሪያ የተጻፈው «በኦንላይን እንሥራ» ብለው ወስነው በምን እንደሚጀምሩ ግራ ለገባቸው የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ለአይሲቲ ባለሙያዎችና ለፋይናንስ ሰዎች ነው።

የፋይናንስ ሥርዓቶቹ አይቤክስና ኢፍሚስ፣ የጤናው ዲኤችአይኤስ 2 እዚህ አልተነጻጸሩም። እነሱ የራሳቸው ባለቤትና የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ከታች ያሉት መሣሪያዎች አይተኳቸውም፣ መተካትም የለባቸውም። ክልላችሁ ወይም ዞናችሁ የደብዳቤ ማስተላለፊያ ሥርዓት ሰጥቷችሁ ከሆነም መጀመሪያ እሱን በሚገባ ተጠቀሙ፤ የራስን መምረጥ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ መስፈርቱ

አካውንቱ የማን ነው? ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። በወረዳ ሹም ሽር አለ፣ ዝውውር አለ፣ ትምህርት የሚሄድ አለ። የሦስት ዓመት ዕቅድና ሪፖርት በአንድ ባለሙያ የግል ጂሜይል ውስጥ ተቀምጦ ባለሙያው ሲዛወር፣ ጽሕፈት ቤቱ የራሱን ሰነድ በልመና ነው የሚያገኘው። በቅንነት የሚሰጥ ሰው እንኳ ስልኩ ከጠፋ ወይም የይለፍ ቃሉን ከረሳ የሚሰጠው ነገር የለውም። ስለዚህ የትኛውም መሣሪያ ሲቀርብላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ይህ ሰው ነገ ቢነሳ ሰነዱ ማን እጅ ይቀራል?

መብራትና ኔትዎርክ ሲጠፋስ? ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራምና ሌሎች ማኅበራዊ መገናኛዎች ተገድበው ነበር። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል፤ በትግራይ ደግሞ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ መቋረጡ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቷል። ይህን ያየ አገር ኢንተርኔት በሌለ ቀን ፈጽሞ የማይከፈት መዝገብ ሊይዝ አይገባም።

ሰነዱ የት ተቀመጠ፣ ሕጉስ ምን ይላል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ተቋም ላይ ግዴታ ይጥላል፤ መረጃን ወደ ውጭ አገር ማስተላለፍንም በቅድመ ሁኔታ ያስራል። የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር፣ የጤና መረጃ፣ የይዞታ ክርክር ማህደር ከዚህ ውስጥ ናቸው። የስብሰባ አጀንዳና የሥልጠና ጽሑፍ ግን ያን ያህል አያሳስብም። ሁሉንም ሰነድ በአንድ ዓይን ማየት ወይ ከልክ በላይ ያስፈራል ወይ ከልክ በላይ ያዘናጋል።

በምን ይከፈላል? በዶላር የሚከፈል ወርሃዊ ኪራይ በብር ከሚጸድቅ የወረዳ በጀት ጋር አይገጥምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ለዓመቱ የተያዘ ክፍያ በአንድ ወር ውስጥ ከግማሽ ብዙም የማይበልጠውን ብቻ የሚሸፍን ሆነ ማለት ነው። ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለው መሥሪያ ቤት ደግሞ ገንዘቡ ቢኖርም መክፈያው ላይ ይቸገራል።

ሲበላሽ ማን ይጠግናል? ወረዳው ውስጥ ያለ ሰው ወይስ ከዞን የሚጠበቅ? ይህን በሐቀኝነት መመለስ ይበቃል።

አማርኛው፣ ቀኑና ሰዓቱ። ይህ ነጥብ በየትኛውም የሻጭ ማስታወቂያ ላይ አይገኝም፤ ሥራ ላይ ሲገባ ግን የሚያደናቅፈው እሱ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ፊደል በሁሉም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ አንድ ሆኖ እንዲነበብ በሚያደርገው ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በኋላም ግን ቢሮዎች በአሮጌ የፓወር ግዕዝና የቪዡዋል ግዕዝ ፊደሎች ለዓመታት ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ሰነድ ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ወይም ኦንላይን ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ በፍለጋም አይገኝም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከሰነዱ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ በስልክ ለራሳችሁ ላኩት። አማርኛ ሆኖ ከተነበበ ዩኒኮድ ነው፤ ዝብርቅርቅ ከሆነ ወደ የትኛውም መሣሪያ ከመጫኑ በፊት መለወጥ አለበት።

የቀኑ ነገር ደግሞ የበለጠ አሳሳች ነው። በኤክሴል ወይም በጎግል ሺት ላይ ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን 5/13/2016 ብላችሁ ብትጽፉ በአሜሪካ አቀማመጥ የተዘጋጀ ኮምፒውተር ሜይ 13 አድርጎ ይይዘዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብትሉት ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ቀን አይቀበለውም፤ በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደር ረድፉ ቦታውን ይስታል። መፍትሔው የቀኑን ዓምድ አስቀድሞ «ጽሑፍ» ብሎ መመደብና ዓመቱን አስቀድሞ መጻፍ ነው፦ 2017-02-30። እንዲህ ሲጻፍ ድርደራውም ይስተካከላል፣ አቆጣጠራችንም አይነካም። በስብሰባ ጥሪም እንዲሁ ነው፦ በኦንላይን ቀን መቁጠሪያ 3:00 ተብሎ የተያዘ የጠዋት 3 ሰዓት ስብሰባ ማስታወሻው የሚደውለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። 9:00 ተብሎ ይያዝ፤ በርዕሱ ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ።

አማራጭ አንድ፦ ቴሌግራምና የግል ኢሜይል

አብዛኛው ቢሮ አሁን ያለው እዚህ ነው፤ ምክንያትም አለው። ነፃ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ በደካማ ኔትዎርክ ይሠራል፣ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይልካል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ የአንበጣ መንጋ ያረፈበትን ማሳ ፎቶ አንስታ በደቂቃ ውስጥ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ማድረስ የቻለችው በእሱ ነው። ይህን የሚንቅ ሰው መስክ አልወጣም።

ችግሩ መልእክት ማድረሻውን መዝገብ ስናደርገው ነው። የላከ ሰው መልእክቱን ከሁሉም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል፤ በኦዲት ጊዜ «ልኬ ነበር» እና «አልደረሰኝም» ሲጋጩ የሚፈርድ ነገር አይኖርም። ግሩፑ የተያያዘው ከአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ጋር ነው። መደበኛው የግሩፕ ውይይት ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ሆኖ) የተመሰጠረ አይደለም፤ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ደብዳቤ ቁጥር የለውም፣ ማህደር የለውም፣ ከስድስት ወር በኋላ የተላከን ፒዲኤፍ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለማስታወቂያ፣ ለጥሪና ለመስክ ፎቶ ይቀጥል፤ ዋናው ሰነድ ግን ሌላ ቤት ይኑረው።

አማራጭ ሁለት፦ ጎግል ወርክስፔስ

ነፃው ጂሜይልና በክፍያ የሚገኘው ወርክስፔስ አንድ አይደሉም። ነፃው 15 ጊጋባይት ይሰጣል፣ አካውንቱ ግን የግለሰብ ነው። በወርክስፔስ አካውንቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ አስተዳዳሪው ሠራተኛ ሲለቅ አካውንቱን ዘግቶ ፋይሎቹን ለተተኪው ያዛውራል። የመጀመሪያውን መስፈርት በሚገባ ያልፋል።

ትልቁ ጥንካሬው አብሮ መሥራት ነው። የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲጠቃለል እያንዳንዱ የሥራ ሂደት የራሱን ፋይል በፍላሽ ያመጣና ዕቅድ ክፍል አንድ በአንድ እየገለበጠ ያመሻል፤ በጋራ ሺት ግን ሁሉም በየረድፉ በአንድ ጊዜ ይሞላል፣ ማን መቼ ምን እንደቀየረም ታሪኩ ይቀመጣል። ዩኒኮድ አማርኛን በሚገባ ያሳያል፤ በስልክ ላይ ጂቦርድ አማርኛን በድምፅም ይጽፋል። ክሮም ላይ አስቀድሞ ከተስተካከለ ያለ ኢንተርኔት መጻፍ ይቻላል፤ አስቀድሞ ካልተስተካከለ ግን ኔትዎርክ በጠፋ ቀን ምንም አይከፈትም።

ድክመቱ ክፍያው ነው። ዝቅተኛው ፓኬጅ ለአንድ ተጠቃሚ በወር 7 ዶላር ገደማ ነው፤ ለ40 ሠራተኛ በዓመት 3,360 ዶላር ይሆናል። ለግብረ ሰናይ ድርጅቶች የሚሰጠው ነፃ ፓኬጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን አይመለከትም፤ በዚያ ተስፋ ዕቅድ አትያዙ። ሰነዱም የሚቀመጠው ውጭ አገር ነው። ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫው በአንድ ባለሙያ ሲም ላይ ከተመዘገበ ባለሙያው ሲሄድ ቁልፉም አብሮ ይሄዳል። የመጠባበቂያ ኮዶቹን አትማችሁ፣ በፖስታ አሽጋችሁ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ካዝና አስቀምጡ። የጋራ ድራይቭ በምትገዙት ፓኬጅ ውስጥ መኖሩንም ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ሰነድ ከሰው ተነጥሎ በተቋሙ ስም የሚቀመጠው በእሱ ነው።

አማራጭ ሦስት፦ ማይክሮሶፍት 365

ወርድና ኤክሴል ሠራተኛው ያደገባቸው ናቸው፤ ሥልጠና አይጠይቁም ማለት ይቻላል። ዝቅተኛው የቢዝነስ ፓኬጅ ለአንድ ሰው በወር ከ6 እስከ 7 ዶላር ነው፣ 1 ቴራባይት ቦታም ይሰጣል፤ ሆኖም ወርድና ኤክሴልን በብራውዘርና በስልክ ብቻ ነው የሚያስጠቅመው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ያለበት ፓኬጅ ዋጋው እጥፍ ገደማ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ የተጫነው ኦፊስ ከዋንድራይቭ ጋር ሲጣመር መብራትና ኔትዎርክ እየሄደ በሚመጣበት ቦታ ከጎግል የተሻለ ይቋቋማል፤ ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ አለ፣ ኔትዎርክ ሲመጣ ራሱ ይልካል። ቲምስ የሚባለው የስብሰባና የውይይት ክፍል ግን በአሮጌ ኮምፒውተርና በቀጭን መስመር ላይ ይከብዳል።

በዶላር መክፈልና ሰነድ ውጭ መቀመጡ እዚህም ያው ነው። ከባድ የኤክሴል ቀመርና ማክሮ ላለበት የገንዘብና የዕቅድ ሥራ ግን ተወዳዳሪ የለውም።

አማራጭ አራት፦ ኔክስትክላውድ በራስ ሰርቨር ላይ

ኔክስትክላውድ ከ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ያለ፣ ምንጩ ክፍት የሆነና ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚጫን ሥርዓት ነው። ፋይል ማጋራት፣ ቀን መቁጠሪያ፣ የሥራ ዝርዝር አለው፤ ከኮላቦራ ወይም ከኦንሊኦፊስ ጋር ሲገናኝ ሰነድን አብሮ መጻፍ ይቻላል። ሰነዱ እናንተ ባስቀመጣችሁት ቦታ፣ በአገር ውስጥ ይቀራል። በወረዳኔት ላይ ወይም እንደ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ ባለ በብር በሚከፈል የአገር ውስጥ ክላውድ ላይ መጫን ይቻላል። በመረጃ ጥበቃና በክፍያ መስፈርት ከሁሉም የሚልቀው ይህ ነው።

በጀርመን የሽሌስቪሽ ሆልሽታይን ክልል በ2024 ወደ 30,000 የሚጠጉ የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ከማይክሮሶፍት ወደ ሊብሬኦፊስ (ምንጩ ክፍት የሆነ የቢሮ ሶፍትዌር) እና ኔክስትክላውድ ለማዛወር መወሰኑን አስታውቋል። ብዙዎች ይህን እየጠቀሱ «እኛስ?» ይላሉ። ያ ክልል ግን የሰለጠነ የአይቲ ክፍልና የድጋፍ ውል ያለው ነው። ነፃ የሆነው ፈቃዱ እንጂ ሥራው አይደለም፦ ማዘመን አለ፣ ባክአፕ አለ፣ ዲስክ ሲሞላ ማስተካከል አለ። አንድ ወጣት የአይሲቲ ባለሙያ በፍላጎቱ ጭኖት፣ እሱ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ከጠፋ፣ ከግል ጂሜይል ባልተሻለ ሁኔታ ላይ እንወድቃለን። ስለዚህ ኔክስትክላውድ የአንድ ወረዳ ሳይሆን የዞን ወይም የክልል ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፦ አንድ ሰርቨር፣ ቢያንስ ሁለት ባለሙያ፣ ብዙ ወረዳ።

አማራጭ አምስት፦ የቢሮ ውስጥ መረብ

ይህን ማንም አይሸጥላችሁም፣ ስለዚህ ማንም አይነግራችሁም። አንድ ደህና ኮምፒውተር፣ ሁለት ዲስክ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዩፒኤስ፣ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኝ ስዊችና ኬብል። የጋራ ፎልደር ይከፈታል፣ ለእያንዳንዱ የሥራ ሂደት ፈቃድ ይሰጣል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። መስክ ላይ ያለ ሰው ሊያየው አይችልም፤ ይህ ዋና ጉድለቱ ነው። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል ሁሉም ነገር ስለሚጠፋም በየሳምንቱ ወደ ውጫዊ ዲስክ ተገልብጦ ከሌላ ሕንፃ መቀመጥ አለበት።

የመዝገብ ቤት የገቢ ደብዳቤ መዝገብ በዚህ ላይ ሊጀመር ይችላል። ዓምዶቹ ስምንት ይበቃሉ፦ ገቢ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ ባለጉዳይ፣ ጉዳዩ፣ የተመራለት፣ የተመራበት ቀን፣ አሁን ያለበት፣ ወጪ ቁጥር። ስካን የተደረገው ደብዳቤ በገቢ ቁጥሩ ስም ይቀመጣል። በጋራ ፎልደር ያለ የኤክሴል ፋይልን በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጽፍበት፤ ስለዚህ መዝገብ ቤት ትጽፋለች፣ ሌላው ያነባል። ለገበሬው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው «አሁን ያለበት» የሚለው ዓምድ ነው፤ በየቀኑ ካልተሞላ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

በአንድ እይታ

| መስፈርት | ቴሌግራምና የግል ኢሜይል | ጎግል ወርክስፔስ | ማይክሮሶፍት 365 | ኔክስትክላውድ | የቢሮ ውስጥ መረብ |
|---|---|---|---|---|---|
| አካውንቱ የማን ነው | የግለሰብ | የተቋም | የተቋም | የተቋም | የተቋም |
| ኢንተርኔት ሲጠፋ | አዲስ ነገር አይሄድም | አስቀድሞ ከተስተካከለ በከፊል | የተጫነው ኦፊስ ካለ ጥሩ | ሰርቨሩ ባለበት መረብ ላይ ይሠራል | ይሠራል |
| ሰነዱ የሚቀመጠው | ውጭ አገር | ውጭ አገር | ውጭ አገር | በመረጣችሁት ቦታ | ቢሮው ውስጥ |
| ክፍያ | ነፃ | ዶላር፣ በሰው | ዶላር፣ በሰው | ብር፣ በሰርቨርና በባለሙያ | ብር፣ አንድ ጊዜ ለዕቃ |
| አብሮ መጻፍ | የለም | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ደካማ |
| ከመስክ ማግኘት | ቀላል | ቀላል | ቀላል | ከኢንተርኔት ከተገናኘ | አይቻልም |
| የሚፈልገው ባለሙያ | የለም | ጥቂት | ጥቂት | ብዙ | መካከለኛ |

ስለ ማህተም አንድ ነገር ልጨምር። የፊርማና የቲተር ፎቶ ደብዳቤ ላይ መለጠፍ በየትኛውም መሣሪያ ላይ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አይሆንም፤ ማንም ቆርጦ ሌላ ደብዳቤ ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1072/2010 ነው፤ በሥርዓቱ አናት ላይ የምስክር ወረቀት የመስጠት ኃላፊነት ያለው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ወረዳችሁ የተረጋገጠ ፊርማ እስኪያገኝ ድረስ መብት የሚሰጥ ወይም የሚነሳ ደብዳቤ በወረቀት ተፈርሞ ይውጣ፤ ኦንላይን የሚሄደው ቅጂውና ምሪቱ ይሁን።

ለማን የትኛው?

ኔትዎርኩ የማያስተማምን፣ በጀቱ ጠባብ የሆነ ወረዳ፦ የቢሮ ውስጥ መረብ ለመዝገብ፣ ቴሌግራም ለጥሪ። ለዚህ ምርጫ ማንም ሊያፍር አይገባም፤ ባለጉዳዩን የሚጠቅመው ከሁሉም በፊት ይሄ ነው።

ፋይበር የገባለት የከተማ አስተዳደር፦ ጎግል ወርክስፔስ፣ ግን ለ40 ሰው አይደለም። አካውንት በሥራ መደብ ስም ክፈቱ፦ መዝገብ ቤት፣ ዕቅድ፣ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣ እያንዳንዱ የሥራ ሂደት። 12 አካውንት ከበቃችሁ ዓመታዊው ክፍያ ወደ 1,000 ዶላር ገደማ ይወርዳል። አንድ አካውንት በሁለት ሰው ከተያዘ ግን ማን ምን እንደቀየረ የሚያሳየው ታሪክ ስለሚደበዝዝ፣ ለእያንዳንዱ አካውንት ተጠያቂው ሰው በደብዳቤ ይመደብ፤ ሲዛወርም በርክክብ ቅጹ ላይ ከወንበሩና ከኮምፒውተሩ ጋር የይለፍ ቃሉ ይካተት። የሴፍቲኔትና የጤና ስም ዝርዝር እዚህ ላይ አይጫን።

ገንዘብ ጽሕፈት ቤትና ዕቅድ ክፍል፦ በተቋም ስም ፈቃድ ያለው የተጫነ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ለሁለትና ሦስት ሰው። ለመላው ቢሮ መግዛት ብክነት ነው።

ዞንና ክልል፦ ኔክስትክላውድ፣ በአገር ውስጥ ሰርቨር። ወረዳዎቹ ተጠቃሚ እንጂ አስተዳዳሪ አይሁኑ። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ሁለት ሰው እጅ ይኑር፤ ባክአፑ በወር አንድ ጊዜ በእውነት ተመልሶ ይከፈት፣ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አለ ተብሎ አይታመንም።

የትኛውንም ብትመርጡ ሥራውን በሰኔ አትጀምሩ። ሰኔ የበጀት መዝጊያ ነው፤ ማንም ጊዜ የለውም። ሐምሌ 1 ላይ አዲሱ ገቢ ቁጥር ከ1 ሲጀምር ኦንላይን መዝገቡም አብሮት ይጀምር፣ የመዝገብ ቤቱን ሥራ ብቻ ይዞ። የወረቀቱ መዝገብ እስከ መስከረም 30 ጎን ለጎን ይቀጥል። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ በዘፈቀደ 20 ገቢ ቁጥሮችን አውጡና ሁለቱን መዝገቦች አስተያዩ። ከገጠሙ በጥቅምት ቃለ ጉባኤንና ሪፖርትን ጨምሩ፤ ካልገጠሙ የትኛው ጠረጴዛ ላይ መሙላት እንደቆመ ፈልጋችሁ እዚያ ያለችውን ሠራተኛ ምን እንዳስቸገራት ጠይቁ።